ኮረብታውን ቀይ ቀለም የቀባሁ ጊዜ

ጡረታ የወጣሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አትሳቁ። ሌላውን ሰው ዕድሜው ያወጣዋል፣ እኔን ምላሴ ቀድሞ አወጣኝ። አሁን ኮሰበር ላይ ባጃጅ እነዳለሁ። መናኸሪያው በር ላይ ተራዬን ስጠብቅ ሾፌሮቹ "ካርቦን፣ ያንተ ነው፣ ጫን" ይሉኛል። ዋና ስሜን የሚያውቅ የለም። አዲስ የመጣ ልጅ "መልኩ ስለጠቆረ ነው ካርቦን የምትሉት?" ብሎ ሲጠይቅ ይስቃሉ እንጂ አያስረዱትም። እኔም አላስረዳም። ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ባለው መንገድ የሚያልቅ ወሬ አይደለማ። እዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው፣ የፊደል ግድፈት ያገኘ ይለፈኝ።

አሥረኛ ክፍል ፈተና ወደቅሁ። ትንሽ ጎድሎኝ ምናምን የሚሉ አሉ፤ እኔ ትንሽ አልጎደለኝም፣ በደንብ ነው የወደቅሁት። እናቴ ዘመድ ለምና ዳንግላ ያለ ችግኝ ጣቢያ የቀን ሥራ አስገባችኝ። ሥራው በፕላስቲክ የተተከለ ችግኝ ከመደብ ወደ አይሱዙ መሸከም ነው። ማታ ማታ አንድ ቆጣሪ እየዞረ ስንት እንደተሸከምን ይጠይቀናል። ሁሉም ካደረገው በላይ ይናገራል። የኔ ተራ ሲደርስ "አልቆጠርኩም፣ አንተም ተኝተህ ስለነበር ሁለታችንም አናውቀውም" አልኩት። ሰው ሳቀ። ቆጣሪው ስሜን ሊሰርዝ ብዕር ሲያወጣ ከኋላ አንድ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ "ተወው፣ እሱን እኔ እፈልገዋለሁ" አለ።

ጋሽ ፈንቴ ይባላል። ድሮ የደን ቴክኒሻን ነበር፣ ጡረታ ወጥቶ ነው አንድ የካርቦን ፕሮጀክት መልሶ የቀጠረው። ደን አይቶ ሳይሆን እጁን አሳርፎበት ነው የሚያውቀው። ያን ቀን ማታ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ዛፍ የሚወፍረው አየሩ ላይ ያለውን ጭስ እየበላ ነው" አለኝ። "ውጭ አገር ጭሱን የሚለቁት ሰዎች እኛ ዘንድ ዛፉ ለበላላቸው ይከፍላሉ። የኛ ሥራ ስንት እንደበላ መንገር ነው።"

"ለምን ጭሱን ራሳቸው አያቆሙትም?"

"እሱን ስታገኛቸው ንገራቸው። አሁን ሜትሩን ያዝ።"

እስከ ዛሬ አላገኘኋቸውም። ባገኛቸው የምለው አለኝ።

አንድ ዓመት ዳንግላ፣ አንድ ዓመት ደግሞ ጥሊሊ ከሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ሆነን ገበሬው ለከሰል የሚተክለውን ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ስንለካ ከረምን። ደመወዙን አታንሱት፣ አበሉም የሚመጣው ጫማው ካለቀ በኋላ ነበር። ሥራው ግን ጣፈጠኝ። እኔ ተሰድቤ እንጂ ተምሬ አላውቅም ነበር፤ ጋሽ ፈንቴ ሳይሰድበኝ አስተማረኝ። ደረቱ ድረስ የምትደርስ፣ አንድ ሜትር ከሠላሳ የሆነች የወይራ ዱላ ነበረችው። ዛፉ የሚለካው እዚያ ከፍታ ላይ ነው፣ ከፍ ዝቅ ካለ ውሸት ነው። ተዳፋት ላይ ከሆነ ከላይ በኩል ቆመህ ነው ዱላዋን የምታስጠጋው። ሽበት የመሰለውን የዛፍ ጢም ትጠርጋለህ፣ ሐረግ ካለ ሜትሩን ከሐረጉ ሥር ታሾልካለህ እንጂ በላዩ አትጠመጥምም። ዛፉ ከደረት በታች መንታ ከሆነ ሁለት ዛፍ ነው፣ ከደረት በላይ ከሆነ አንድ። እሱ ቁጥሩን ይጠራል፣ እኔ ከመጻፌ በፊት መልሼ እጠራለሁ፣ "እሺ" ካለ እጽፋለሁ። በእርሳስ ነው የሚጻፈው፤ የኛ አገር ዝናብ ብዕር አይምርም። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ የተቀቀለ ድንች አለ፣ ለሁለት ይገምሰውና ትልቁን ለኔ ይሰጠኛል።

አንድ ልማድ ነበረው፣ እኔ እንደ ሽማግሌ አመል የቆጠርኩበት። ዛፍ ሁሉ አይለካም፤ በየቦታው በገመድ አሥር አሥር ሜትር ክብ እንይዝና ክቡ ውስጥ ያለውን ብቻ እንለካለን። የክቡ መሃል ላይ ብረት ችካል ይቀበራል፣ አናቱ በአፈር ይሸፈናል። በየዓመቱ በጂፒኤስ ፈልገን፣ አፈሩን በእጅ ዳብሰን ችካሉን እናገኛለን። ጋሽ ፈንቴ ለክቶ ሲጨርስ ደብተሩን አይዘጋም። ከክቡ ወጥቶ መቶ እርምጃ ይሄዳል፣ ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ተመልሶ መጥቶ ነው የሚፈርም። ዝናብ ቢሆን፣ ቢርበው፣ እግሩን ቢያመው ይሄዳል።

"ምን ጠፍቶብህ ነው ጋሼ?" ብዬ አሾፍኩበት አንድ ቀን።

"ኮረብታውን ነው የምንሸጠው እንጂ ክቡን አይደለም" አለኝ። ሰማሁት። የገባኝ ግን ኋላ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ዘንገና አካባቢ ወዳለ ኮረብታ ተመደብን። ኮረብታው ለከብት ግጦሽ ከተዘጋ ገና ዓመት አልሞላውም። ያስዘጋው አያ ታረቀኝ የሚባል ገበሬ ነው፣ የኮረብታው ማኅበር ሊቀመንበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው። ለካርቦን ብሎ አይደለም የዘጋው። እዚያ አገር ድንች ነው ኑሮው፣ በየዓመቱ ደግሞ ለዘር ያስቀመጡት በጉድጓድ ይበሰብስባቸዋል። ብርሃንና ነፋስ የሚያስገባ፣ በርብራብ እንጨት የተደረደረ የዘር ድንች ማስቀመጫ ቤት ሌላ ወረዳ አይቶ ቀናበት። የካርቦኑ ብር ሲመጣ እሱን ሊሠሩበት ነው።

ሰዉ ግን ከብቱን የት ያሰማራ? አልዘጋም አለ። እዚህ አገር ፈረስ ማለት ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ፈረስ የሌለው ሽማግሌ ለቅሶም ሠርግም ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ ነው። አያ ታረቀኝ ዳማ ፈረስ ነበረው፣ በጥር የፈረሰኞች በዓል የሚያወጣው፣ ልጓሙ በቀይ ሱፍ ያጌጠ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ "ኮረብታው ሲዘጋ መጀመሪያ የሚራበው የኔ ፈረስ ይሁን" አለና ቻግኒ በኩል ቆላ ላለው ለእህቱ ልጅ በነጻ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ማን አፉን ይክፈት? ኮረብታው ተዘጋ። እኔ ስደርስ አያ ታረቀኝ በእግሩ ነበር የሚሄደው።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ነው ያበላሸሁት። እታለም ብርቄ የምትባል ባልዋ የሞተባት ሴትዮ ተነስታ "ይሄ ካርቦን የምትሉት የት ነው ያለው? እንድንጠብቀው አሳዩን" አለች። የሚገርም ጥያቄ ነው፣ እውነቴን ነው። ጋሽ ፈንቴ ቆቡን አውልቆ ራሱን ሊያክ ጀመረ። እሱ ሲያስብ ቀርፋፋ ነው። እኔ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ሳይ ያሳክከኛል። ብድግ አልኩና "የምንለካው እኮ ክብ ውስጥ ነው። ክቡ ውስጥ ያለው ዛፍ ከወፈረ ካርቦኑ አለ ማለት ነው፣ ብሩ ይመጣል" አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እንዴት ጥሩ አድርጌ አስረዳሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ጋሽ ፈንቴ ቆቡን መልሶ አደረገና "ክቡ የት እንደሆነ ለማንም አትንገር" ብቻ አለኝ በጆሮዬ።

በዚያው ክረምት ጉልበቱን አመመውና ዳንግላ ቢሮ ተቀመጠ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። የዘንገናን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የራስህን እጅ ይበላብሃል። ጂፒኤሱ እዚህ ነው ይላል፣ ችካሉ የለም። ጭቃ ስዳብስ ግማሽ ቀን። ተናደድኩ። ኮሰበር ወርጄ አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ገዛሁና በየክቡ ያለውን ዛፍ ወገቡን በቀይ ቀባሁት። በሚቀጥለው ጊዜ በሁለት ቀን የማልጨርሰውን በግማሽ ቀን ጨረስኩ። ለጋሽ ፈንቴ አልነገርኩትም። ብልጥ ነኝ ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት በሕይወቴ ያማሩ ዓመታት ናቸው፣ ምን ላድርግ። ጠዋት ከጎጆዎቹ ጢስ ጋር እወጣለሁ፣ ሰው ሁሉ ስሜን ጠርቶ ሰላም ይለኛል። እኔ አገውኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም ነበር፤ የእታለም ብርቄ ጎረቤቶች ሆን ብለው በአገውኛ ያሙኝና ስስቅ "ይሰማል ለካ ይሄ ሰላቢ" ይሉኛል። ዛፎቼ ደግሞ ይወፍራሉ። ሜትሩን ስጠመጥም ከአምናው የሚበልጠው ነገር ያስፈነድቀኛል። አዲሱ አለቃችን አቶ ምሕረት፣ ከባሕር ዳር የመጣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚዞር ሰው፣ ቁጥሬን ሥዕል አድርጎ ሆቴል ውስጥ ለስብሰባ ግድግዳ ላይ አሳየው። "ይሄ የኛ ባለሙያ ነው" ብሎ አስነሳኝ። አሥረኛ ክፍል የወደቀ ልጅ ባለሙያ ሲባል ምን እንደሚሰማው አትጠይቁኝ።

ብሩ ሊለቀቅ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ከፕሮጀክቱ ጋር የማይነካካ ኦዲተር መጥቶ ቁጥሩ እውነት መሆኑን ማየት አለበት። ኦዲተሯ ልትመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀር ጋሽ ፈንቴ ጉልበቱን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ።

መጀመሪያው ክብ ጋ ደርሶ ቀዩን አየ። ጎንበስ ብሎ አፈሩን ዘገነ። ጥቁር፣ የላመ፣ አመድ ያለበት። ዛፉ ሥር ደግሞ በቅርብ የተኮተኮተ ነው።

"ማነው የሚኮተኩተው?" አለ።

"ማንም።" እውነቴን ነበር። አይቼው አላውቅም። እኔ ግንዱን እንጂ እግሩን አይቼ አላውቅም።

መቶ እርምጃውን ሄደ። ተከተልኩት። ከክቡ ወጣ እንዳልን ዛፉ ቀጠነ። ትንሽ ስንሄድ ጉቶ። ከዚያ ሌላ ጉቶ፣ ገና ያልጠቆረ። የከሰል ጉድጓድ ቦታ፣ በቅጠል የተሸፈነ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከክብ ወደ ክብ በመንገድ ስሮጥ ከመንገዱ ወጥቼ አላየሁም። ጋሽ ፈንቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እርሳሱን መቅረጽ ጀመረ። እሱ ሲናደድ እርሳስ ነው የሚቀርጸው። ግማሹን ቀርጾ ጨረሰው።

እዚያው ሳለን እታለም ብርቄ በእንቅብ አመድ ይዛ ሽቅብ መጣች። ስታየን ፈገግ አለች።

"ለኛ ዛፎች ነው?" አልኳት።

"ላንተ ነው እንጂ ልጄ። አንተ ስትለካ ቀጥኖ እንዳያሳፍርህ ብለን ተራ ገብተንለታል፤ ፍግ የሚያወጣ አለ፣ የሚኮተኩት አለ።"

"ውጭ ያለውስ? ማነው የቆረጠው?"

ግራ ገባት። "ካርቦኑ ክቡ ውስጥ ነው አላልክም? ውጭ ያለው የኛ መሰለን። ልጅ ሲታመም፣ ማዳበሪያ ሲጠፋ እያልን ትንሽ ትንሽ አከሰልን። ቀይ የተቀባውን ግን እንደ ስለት በግ ነው የያዝነው። ማን ደፍሮ ይነካዋል?"

ማንንም ልሰድብ አልቻልኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምሰድበው ሰው አጣሁ። ከራሴ በቀር።

አቶ ምሕረትን በስልክ ነገርኩት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ "ኦዲተሯ ክቦቹን ብቻ ነው የምታየው… የምትቆየው ሁለት ቀን ነው… ዝም በል፣ አደራ" አለኝ። ጋሽ ፈንቴ ዝም በልም ተናገርም አላለኝም። "ደብተሩ ላይ ያለው ፊርማ ያንተ ነው" አለና ድንቹን ገምሶ ሰጠኝ። ያን ቀን አልበላሁትም።

አያ ታረቀኝ ድንች ሲቆፍር አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት፣ ቀለሙን፣ ምላሴን፣ ጉቶውን። መቆፈሪያውን ተደግፎ ሰማኝ።

"ዝም ብንልስ?" አለ።

"ብሩ ይመጣል። ቤቱ ይሠራል።"

"ኋላስ?"

"በሚቀጥለው ዙር ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ለክቶ ያውቃል።"

"ሲያውቅ ሌባ የሚለው ማንን ነው?"

"እኔን ነው አያ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"አንተማ ትሄዳለህ" አለኝ፤ ሳይቆጣ። "እኛ ነን እዚህ የምንቀር።" ድንቹን ከአፈር አራግፎ አየው፣ ግማሹ የበሰበሰ ነው፣ ወረወረው። "ፈረሴን የሰጠሁት ለውሸት ነው እንዲባል አልፈልግም። አንተ ነህ ያበላሸኸው፣ አንተው ንገራት።"

ኦዲተሯ ከናይሮቢ የመጣች፣ ቦቲ ጫማ ያደረገች፣ ብዙ የማታወራ ሴት ነበረች። አቶ ምሕረት ከፊት ከፊት እየሄደ ክብ ያሳያታል፣ እሷ ሜትሯን አውጥታ ትለካለች፣ ቁጥሬ ልክ ነው፣ ራሷን ትነቀንቃለች። ሦስተኛው ክብ ላይ አላስቻለኝም። እንግሊዝኛዬ የታወቀ ነው፤ ፈተናው ላይ የጣለኝ እሱ ነው። "ማዳም" አልኩና በእጄ ወደ ውጭ አመለከትኩ። አቶ ምሕረት በአማርኛ "ምን ልትሆን ነው?" አለኝ እየሳቀ፣ ላቡ ግን ወርዷል። እኔ መሄድ ጀመርኩ። ሴትዮዋ ተከተለችኝ። እየቆጠርኩ መቶ እርምጃ ሄድኩና ጉቶው ላይ እጄን አስቀመጥኩ። ከዚያ ሌላው ላይ። ከዚያ ሌላው ላይ። ቋንቋ አላስፈለገም።

አልተቆጣችም። ደብተሯን ዘጋችና በአቶ ምሕረት በኩል ነገረችን፤ ይሄ ዙር አልጸደቀም፣ አዲስ ክብ በሌላ ቦታ ተይዞ ከባዶ ይጀመራል፣ እስከዚያ ክፍያ የለም። አቶ ምሕረት ማታ መኪናው ውስጥ "ምን አድርጌህ ነው?" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሱም ሁለት ልጅ አለው። በሳምንቱ የስንብት ደብዳቤዬ መጣ፣ ባለ አንድ መስመር።

ማኅበሩ ሲሰበሰብ ሰው ለይቶለት ተቆጥቶ ነበር። ግማሹ እኔን፣ ግማሹ ካርቦኑን ይረግማል፣ አንዱ ደግሞ "ይከፈትና ከብታችንን እናብላ፣ የጉም ንግድ ይቅርብን" ይላል። የአያ ታረቀኝ የእህቱ ልጅም ከቆላ መልእክት ልኮ ነበር፣ ነገሩ ከፈረሰ ዳማውን መጥቶ ይውሰድ ብሎ። ሰው ሁሉ አያ ታረቀኝን ያያል። እሱ መሬት መሬት እያየ ተነሳ።

"ፈረሱን መልሱልኝ ብል ይመለስልኛል" አለ። "ቃሌን ማን ይመልስልኛል? ከክቡ ውጭ ያለውን ያከሰልነው እኛ ነን። ይሄ ልጅ ምላሱ አጠፋ፣ እኛ መጥረቢያችን። እንደገና ይለካ።"

እጅ ወጣ። ለጥቂት አለፈ፤ የእታለም ብርቄ እጅ የመጀመሪያው ነበር።

የኋላውን ለሚጠይቀኝ፣ ብሩ ከብዙ ጊዜ በኋላ መጥቷል፣ ከተባለው ያንሳል፣ የዘር ቤቱም ከታሰበው አጥሮ ተሠርቷል። አያ ታረቀኝ ግን ዛሬም በእግሩ ነው። ባጃጄ ላይ ላሳፍረው ስል "በዚህ ሦስት እግር ላይ ከምወጣ ይቅርብኝ" ይለኛል።

እኔ የሥራ ዘመኔን ሳስብ የሚመጣብኝ ሌላ ቀን ነው። አዲሱ ችካል የሚቀበርበት ቀን። ተባርሬያለሁ፣ ግን መቅረት አልቻልኩም፣ በሚኒባስ ሄድኩ። ማኅበርተኛው ሁሉ ኮረብታው ሥር ሜዳው ላይ ተሰብስቧል። ጋሽ ፈንቴ ከቢሮ ከመጣ አንድ ቴክኒሻን ጋር ብረቶቹን ተሸክሞ ሊወጣ ነው። እግሬ ሳላዝዘው ወደሱ ሄደ፣ መዶሻውን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ።

"አንተ አሁን ከነሱ ጋር ነህ" አለኝ በቀስታ። "ወደዚያ ዙር።"

አያ ታረቀኝ ሰዉን ሁሉ ጀርባውን ለኮረብታው እንዲሰጥ አደረገ። ሽማግሌ፣ ሴት፣ ጎረምሳ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እታለም ብርቄ ይባስ ብላ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ መዶሻው ተሰማ። ቋ፣ ቋ።

"አያ" አለ አንዱ ከኋላ፣ "ዓይናችንን መልሰናል። ጆሯችንስ? በቀኝ በኩል መሆኑን እኮ ሰምቻለሁ።"

ሰው ሳቀ። አያ ታረቀኝ አልሳቀም። አሰበበት። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"አንተ ምላስ አለህ አይደል" አለኝ። "በል ጮክ ብለህ አውራ።"

አወራሁ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር፣ ኋላ አፌ ተፈታ። እኔ ስጮህ እነሱ ይሰድቡኛል፣ ስመልስ ይሳቃል፣ ሁሉም እኩል ማውራት ጀመረ፣ ስለ ድንች፣ ስለ ዝናብ፣ ስለማይረባ ልጅ። ሚኒባስ ሲያልፍ ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እንደ እብድ ያየናል። ረፋዱን በሙሉ፣ ጋሽ ፈንቴ "አለቀ" ብሎ እስኪጠራን ድረስ፣ ድምፄ እስኪዘጋ አወራሁ። ምን እንዳወራሁ አላስታውስም። ብረቶቹን የት እንደቀበራቸውም እስከ ዛሬ አላውቅም።